አማቴ ከቆርቆሮው ሥር ያነጠፉት ኮባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አንተም ወሬዬን የምትጽፈው፣ ቤት ሲባል ገብተህ የምትሞቅበት ማለት ነበር። ሴት ልጅ ስትታጭ እናቷ ከሁሉ አስቀድማ «ቤቱ ይሞቃል ወይ?» ብላ ነው የምትጠይቅ። የእኛ ቤት ይሞቅ ነበር። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ በመስቃን አገር ሁሉ የታወቁ ቤት ከዳኝ ነበሩ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ሞተውም ቢሆን እኔ አልጠራም። እና የቤታችን የሳር ክዳን ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ መሃል እሳቱ አለ፣ ወዲያ ማዶ ከብቶቹ ይተነፍሳሉ፣ ውጭ ውርጭ ቢጥል ማን ያውቀዋል? ቀን ደግሞ ፀሐዩ ሲከር ገባ ብለህ ብትቀመጥ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጠላ ቤት አልነበረም፣ ሰው ግን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይመጣ ነበር።

ታዲያ ጥሊያን መጣ። ቡታጅራ ገባና ሰፈረ። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። አንድ ቀን ካሚዮናቸው ላይ ተተኮሰ፣ ማን እንደተኮሰ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እና ካፒቴኑ «ሳር ቤት ሽፍታ ይደብቃል» አለ አሉ። በማግስቱ አስካሪዎቹ፣ ለጥሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ መጡና መንገድ ዳር ያለውን ሳር ቤት ሁሉ እሳት ለቀቁበት። አማቴ ቆመው አዩ። የከደኑት ሲነድ ቆመው አዩ።

ታዲያ ጥሊያኖቹ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሰብስበው አንድ ረጅም መጋዘን ውስጥ ከተቱን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ከጎኑ የቤንዚን በርሜል ስለሚደረድሩ «ውስጥ እሳት ያነደደ ይገረፋል» ተባለ። የምናበስለው ውጭ ሜዳ ላይ ነው። እኔ እርጉዝ ነኝ። ባሌን ከድርን መንገድ ሥራ ይወስዱታል፣ ሲመሽ ነው የሚመልሱት። እዚያው፣ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በሰባት ወር ወለድኩ። ሴት ናት። እንዲህ፣ እጄን እዩት፣ ከዚህች አትበልጥም።

ቆርቆሮ ታውቃላችሁ? እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ነው፣ ልጅቷ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ያልበዋል፣ ወላሂ ቆርቆሮ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ ይላል ፊቷ ላይ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አቅፌያት ሳያት ከንፈሯ ጠቁሯል። ጎረቤቴ ሸምሲያ፣ አራት ልጅ ይዛ በየቤተሰቡ መሃል ከጋረድነው ጅባ፣ ከእንሰት ምንጣፉ፣ ወዲያ ነው ያለችው፣ መጣችና ከጡቷ ሥር አስገባቻት፣ እንዲያ አድርጋ አሟሟቀቻት። አማቴ በሩ ላይ ቆመው አዩ።

ሄዱ። ወደ ካፒቴኑ ሄዱ። ከሰሜን የመጣ ቱርጁማን፣ አስተርጓሚ ማለት ነው፣ ነበረ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እንደ ጸሐፊ ቃል እየመረጠ። በእሱ በኩል ለመኑ። «ሳር ከሥሩ ላድርግበት፤ ልጅ እየሞተች ነው» አሉ። ካፒቴኑም «ሳር አይገባም» አለ። በቃ።

ታዲያ አማቴ ተመለሱና ሴቶቹን ሰበሰቡ። «ቆጮ በምን ትጠቀልላላችሁ?» አሉ። «በኮባ ነዋ» አልን፣ በእንሰት ቅጠል ማለት ነው። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ብዙ ቆጮ እንበላለን» አሉ። እና እንዲያ ሆነ። እንሰት ቦታ የሄደች ሴት ሁሉ ደረቅ ኮባ ተሸክማ ትመለሳለች፣ ዘበኛው «ምንድነው?» ሲል «የቆጮ መጠቅለያ» ትላለች፣ ያሳልፋታል። አማቴ መጀመሪያ ልጅቷ ያለችበትን የእኛን ክፍል ያዙ፤ ገመድ ወጥረው፣ ጅባ ዘርግተው፣ ከላዩ ደረቁን ቅጠል ደርበው ደርበው አነጠፉ። በቆርቆሮውና በቅጠሉ መሃል ክፍት ተዉ። «እዚህ ነፋስ ይመላለስ፣ ሙቀቱ እኛ ዘንድ ሳይወርድ ይውጣ» አሉ። ግድግዳውን በጭድና በእበት ጭቃ ለሰኑት። ማታ ማታ ውጭ ድንጋይ እናግልና በአመድ ቀብረን በሸክላ እናስገባለን፤ እሳት አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ልጅቷ ቀላች። መጥባት ጀመረች።

ስምንት ቀን አለፈ። በዘጠነኛው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ካፒቴኑ ራሱ ለፍተሻ መጣ። ቱርጁማኑ አለ፣ ሁለት አስካሪ አለ። ቀና ብሎ ቅጠሉን አየ። አንድ ነገር አለ፣ አስካሪው ሳንጃውን ወደ ላይ ሰደደ። መሣሪያ ይፈልጋል እኮ። እኔ ልጄን ይዤ ከሥሩ ነኝ፣ «ውጪ» ያለኝ የለም። ሳንጃው ይገባል ይወጣል፣ ይገባል ይወጣል፣ ቅጠሉ ይረግፍብኛል። ደረቴን አጎንብሼ ከለልኳት።

ምንም የለም። ቱርጁማኑ «ማን አዘዘህ ይላል» አለ።

አማቴም «በለው፣ ያዘዘኝ የልጅቷ ከንፈር ነው። ጠቁሮ አየሁት» አሉ።

ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ አልበው ነው። ላቡን ጠርጎ ቆመ።  ወደ ሸምሲያ ክፍል ሄደና ተመለሰ። እዚያ ይፈጃል፣ እዚህ ቀዝቃዛ ነው፣ ገባው። ከዚያ ተናገረ።

«ነገ የእኔን ቆርቆሮ ቤት እንዲህ ታደርጋለህ ይላል» አለ ቱርጁማኑ። «ቀን ይጠብሰኛል፣ ጠዋት አጥንቴ ድረስ ይበርደኛል ይላል።»

«አደርጋለሁ» አሉ አማቴ። «መጀመሪያ ግን የቀሩትን አሥራ አንድ ክፍሎች።»

ቱርጁማኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ይህንን አልተረጉምም። እሺ ይበሉ።»

«እንዳልኩህ በለው።»

ተረጎመ። ካፒቴኑ በአለንጋው ፊታቸውን መታቸውና ወሰዷቸው። የት ከተቷቸው? የመንገድ መሥሪያ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮት የሌለው። ቀን ይነዳል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሽማግሌ ናቸው እኮ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ መስዬ በጀርባው ዞርኩና በሚስማር ቀዳዳ ጠራኋቸው። «አባባ፣ እሺ ይበሉት። በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ድምፃቸው ደርቋል። «ልጅቷን ሞቋታል?»

«ሞቋታል።»

«የሸምሲያ ልጆችስ?»

  «ትንሹ ከትናንት ጀምሮ እየሳለ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሂጂ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አወጧቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ብርሃኑን ማየት አልቻሉም። ካፒቴኑ ራሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ ወባ ይዞታል። ጠየቃቸው። ያንኑ መለሱ፣ «መጀመሪያ አሥራ አንዱን» አሉ። ይገድላቸዋል ብለን ስናይ እጁን እንዲህ አወናጨፈና «ጨርስና ና» አለ። ታሞ ሰልችቶት ይሁን፣ ምን ይሁን፣ አላውቅም።

በስድስት ቀን ሁሉንም ክፍል አነጠፉ። የሸምሲያን አስቀድመው። ትንሹን ልጇን ሳሉ ለቀቀው፣ አልሃምዱሊላህ። የእኔም ልጅ አደገች፣ ቡኢ ተድራ ሰባት ወልዳለች።

ከዚያ የካፒቴኑ ቤት ቀረ። ባሌ ከድር «አባባ፣ እርጥቡን እናንጥፍለት፤ ይበስብስና ትል ይውረድበት» አለ።

«አይሆንም» አሉ።

«ቤታችንን ያቃጠለ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ። እጄ ግን አንዴ ክፉ ማንጠፍ ከለመደች ለእናንተም እንደዚያው ታነጥፋለች።»

ደረቁን አነጠፉለት። አሳምረው። እና ያችን ማታ እሳቸው ባነጠፉት ቅጠል ሥር የተኙ ሰዎች በማግስቱ «ባንዳ» አሏቸው። ሰላምታ የከለከላቸው አለ። አማቴ ወደ ክፍላችን ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋሉ።  አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር፣ የምትጽፈው?

«እኔ ብሆን እርጥቡን ነበር የማነጥፍለት፣ እማማ።»

እኔም ብሆን፣ ልጄ። እኔም እርጥቡን። ለዚህ ነዋ እሳቸው ከዳኝ የሆኑት፣ እኔ ወሬኛ ሆኜ የቀረሁት። (ይስቃሉ)