ስለ ሌላው ሰው «እኔ» ስል

ጓድ ሰብሳቢ፣ ክቡራን ዳኞች፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

እኔን ለመሸኘት ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ወይዘሮ ደስታነሽም መዝገብ ቤቱን ዘግታ ይህን ሁሉ ስታሰናዳ አይቻለሁ።

ጥበቃው ሀሚድ በር ላይ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ላንተ ማን ያስተረጉማል?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን እውነቱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ችሎት ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ኖርኩ። ገበሬው «በሬው የእኔ ነው» ሲል እኔም «በሬው የእኔ ነው» እላለሁ። ተከሳሹ «አልሰረቅሁም» ሲል እኔም አልሰረቅሁም። የስንቱ በሬ ባለቤት ሆኜ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ!

ዳኛ አያና ያስታውሱ ይሆናል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ሊቅ አጫወቱኝ። ሊቁ ለሐሳብ ደንብ አወጣለት፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ እገሌ ሰው ነው፤ እንግዲህ እገሌ ይሞታል።

«ማሰብ ደንብ መከተል ከሆነ፣» አሉኝ፣ «ደንቡን ለመሣሪያ ማስተማር ይቻላል። በውጭ አገር ኮምፒዩተር በሚሉት ጀምረውታል። አንድ ቀን ማስተርጎሙንም ይችለዋል።»

«ታዲያ ጡረታውንም እሱው ይውሰድ!» አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ደንቡን ሞከርኩት። ሰው ሁሉ ሟች ነው። ባለቤቴ ሳህሊቱ ሰው ነበረች። መደምደሚያው ትክክል ነው። ታዲያ ደጅ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ለምን እሷ ትመስለኛለች?

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ስንት ቀን አስተረጎምኩ። ቃሉ አልተዛነፈም፤ ያወቀብኝም የለም። መሣሪያ ሆኜ ይሆን? ብዬ በጸሎቴ ጠየቅሁ።

ከዚያ ሞሚና የምትባል የመሰላ ገጠር ሴት ችሎት ቀረበች። የሟች ባሏ ወንድም ቤቱን ልቀቂ ብሎ ከሷት ነበር። «ደጅ ላይ ሳል ስሰማ፣ እሱ ነው ብዬ እነሣለሁ» አለች። እኔም «ደጅ ላይ ሳል ስሰማ፣ እሱ ነው ብዬ…» ብዬ ድምፄ ተቋረጠ።

ዳኛ አያና መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ጉግሳ፣ የሚናገረው ማን ነው?»

«ሁለታችንም ነን፣ ጌታዬ።»

ሞሚና አማርኛው ባይገባትም ፊቴን አይታ፣ «አብሽር» አለችኝ። ከሳሽና ተከሳሽ ባሉበት ችሎት አስተርጓሚ ሲጽናና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች ተብዬ በቤተ ክርስቲያን ተምሬአለሁ። ማሰቡንና መናገሩን መሣሪያው ይሞክር ይሆናል። የሞተ ሰው መጣ ብሎ ለመነሣት ግን ደንቡን ማን ያወጣለታል? ዳኛ አያናን ጠየቅኋቸው። «እኔም አላውቅም» አሉኝ። ያ መልስ ደስ አለኝ።

ከነገ ጀምሮ «እኔ» ስል ስለ ራሴ ብቻ ነው። ቤቴ ግን የሚሰማኝ የለም፤ ልጅም አልሰጠን። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መንገድ ላይ ስታገኙኝ «ደኅና ነዎት?» ብላችሁ አትለፉኝ። በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁኝና ጥቂት ቁሙልኝ። የሰውን ቃል ወዲያው አደርሳለሁ፤ የራሴን ለማግኘት ግን ጊዜ ይፈጅብኛል።

ጓድ ሰብሳቢ፣ ምርቃት በፕሮግራሙ ላይ የለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ችሎቱን እውነት ይጎብኘው። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ልመና አንድ አምላክ ይስማ። ቤታችሁ ስትገቡ «መጣህ?» «መጣሽ?» የሚል ድምፅ አያሳጣችሁ።

አሜን በሉኝ።