በኮንፊሽየስ መቅደስ ደጃፍ ስለተነሳው ፎቶ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሰብለ ወንጌል ኃይለ ማርያም
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አብነት አካባቢ
ሥራ፦ የጨርቅ ጅምላ ንግድ፣ መርካቶ
ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትናንት የተያዘውን አቶ ሙናዊርን የማውቀው ሱቃችን ግድግዳ ስለሚጋራ ነው። የግል ተበዳይ የተባለው አዩብም ከፊት ለፊታችን ይነግዳል። «ተበዳይ» ተብሎ እንዲጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ሥርዓቱ ነው ስለተባልኩ ዝም ብያለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ሦስታችን ዕቃ ለማዘዝ ቻይና ሄድን። የፋብሪካው ሰዎች ቀጠሮ ባዛወሩበት ቀን አስተርጓሚያችን ሙዚየም ወደሆነ የቆየ የኮንፊሽየስ መቅደስ ወሰደችን። ኮንፊሽየስ የጥንት መምህራቸው ነው። ግቢው ውስጥ ድሮ የመንግሥት ፈተና ያለፉ ሰዎች ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመዋል። ሙናዊር እነሱን እያየ በቅርቡ ስለተመረቀችው ልጁ ስለ ናኢማ ያወራኝ ነበር። ኒካዋ ለዚህ ወር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር።

ዋናው አዳራሽ ደጃፍ ስንደርስ የመምህሩ ትልቅ ሐውልት ፊት ለፊት ይታያል። እኔና ሙናዊር መቅደስ ከተባለ በጫማ አይገባም ብለን፣ ማንም ሳይነግረን፣ ጎንበስ ብለን ጫማችንን መፍታት ጀመርን። እሱ መስጊድ፣ እኔ ተክለ ሃይማኖት ስንሄድ እንደምናደርገው ነው። ዘበኛው እየሳቀ ግቡ ግቡ በሚል እጁን አወናጨፈ፤ ለካ ሌላው ሰው ሁሉ በጫማው ነው የሚገባው። አዩብ ከኋላ ሆኖ ፎቶ አነሳን።

ከተመለስን በኋላ እኔን ከፎቶው ቆርጦ አወጣኝና ሙናዊር ብቻውን ሐውልቱ ፊት ያጎነበሰ አስመስሎ የነጋዴዎች ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ከሥሩም «ሙናዊር ቻይና ሄዶ ሰገደ» ብሎ ጻፈበት። ስቆ ያለፈ ብዙ ነው፤ የናኢማ እጮኛ አባት ግን አልሳቀም። ሽማግሌ ልኮ ኒካውን አስቀረ። እኔ ራሴ ቤቱ ሄጄ ከሙናዊር ጋር ጫማዬን ስፈታ እንደነበር አስረዳሁት። «እትዬ፣ እርስዎን አምናለሁ። ሰዉ ግን አይቶታል» አለኝ። አሁንም ስናገረው ያንገበግበኛል።

ጥቅምት 10 ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሙናዊር አዩብ ሱቅ ገብቶ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀርቦ እውነቱን እንዲናገርለት ለመነው። እኔ አብሬው ነበርኩ። አዩብ «ቀልድ እኮ ነው፣ ምን አካበዳችሁት? አሁን ሄጄ ውሸቴን ነው ብል እኔስ ምን ልባል ነው?» አለ። ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አዩብ ሙናዊር መታኝ ብሎ ማመልከቱን ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። በጥፊ የመታሁት እኔ ነኝ። ሙናዊር እጁን ያነሳው እኔን ለመያዝ ነው፤ ባይዘኝ ኖሮ አዩብ በአንድ ጥፊ አይገላገልም ነበር። ሴት መታችኝ ማለት አፍሮ ነው እሱ ላይ ያላከከው።

ስለዚህ ሙናዊር ይፈታና እኔ ልጠየቅ። አዩብ ይቅርታ ትበለኝ ካለ፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ እውነቱን ይናገር። ያን ቀን እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የጨመርኩትም ያስቀረሁትም የለም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሰብለ ወንጌል ኃይለ ማርያም
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ብሥራት ይድነቃቸው