ለሙከራ የወጣችው ቀይ መኪና

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉ እናት ስልኩ ላይ የስፖርት መኪና ያሳያቸው ነበር።

«ይቺን ይዩልኝማ፣ እማማ። ዘንድሮ የወጣች ናት። መርሳ ላይ ቢያስነሷት ሳያስቡት ወልድያ ነዎት።»

«ማሻአላህ፣ ታምራለች። እኔም በልጅነቴ የጥንቷ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ።»

«እርስዎ? የማን ነበረች?»

«የሰው ናት። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መካኒክ ነበር። በተጋባን በሳምንታችን እሷን ጠግኖ ጨረሰና፣ ለሙከራ ብሎ በዚሁ መንገድ ይዞኝ ወጣ።»

«ትሮጥ ነበር?»

«የት ልትሮጥ! ዳገት ባየች ቁጥር ውሃዋ ይፈላል። እስኪበርድላት ወርደን ጥላ ስር እንቀመጣለን።»

«ይቺኛዋ እኮ አትፈላም።»

«አትፈላም? ታዲያ መቼ ትቆማለች?»

«ለምን ብላ ትቆማለች፣ እማማ?»

«አይ ልጄ! እሱ እየተነሳ ሞተሯን ዳሰስ ያደርግና ‹በረደች መሰለኝ› ይለኛል። እኔ ደግሞ በሆዴ ‹ያረቢ፣ እንዳትበርድ› እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ።»

የምወርድበት ቦታ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።