እጅ ራስ ላይ ሟርት ነው ያልኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ሕፃን ዝም የሚለው ወይ ሲተኛ ነው ወይ ሲፈራ ነው። ሌላ ዝምታ አናውቅም። አለንጋዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፣ የኔታ ዓይናቸውን ወደሷ መለስ ካደረጉ በቃ፣ ዝንብ ሲበር ይሰማል። እና እኔም እንደዚያ ተምሬ፣ እንደዚያ ልጅ አሳድጌ፣ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሳቁ እናንተ፣ ሳቁ! ይችን ብርቄን እዩዋት፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆና ጥግ ይዛ የምትስቀውን። ያን ጊዜ ስድስት ዓመት አልሞላትም። የልጄ ልጅ ናት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ያለችኝ እሷው ብቻ ነበረች።

ታዲያ ደርግ ወድቆ ስንትና ስንት ዓመት ከሄደ በኋላ ዜሮ ክፍል የሚባል ነገር መጣ። አንደኛ ክፍል ያልደረሱትን ሕፃናት ሰብስቦ ማስተማር ነው፤ ብርቄም እዚያ ገባች። እኔ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነኝ፣ ወንበሬን አከብራለሁ። አስተማሪዋ ከደብረ ብርሃን የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፣ ዓለም የምትባል። ድምጿም እንደሷው ቀጭን። "ይቺ ናት ስድሳ ሕፃን የምትይዘው? በግ እንኳ ከዚህ ይሻላል፣ ፊተኛውን ተከትሎ ይሄዳል!" አልኩ።

እና አንድ ቀን ልይ ብዬ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ጫጫታው! ፊደሉን ጨርሰው ለጨዋታ ሊወጡ ኖሯል፤ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ የጓደኛውን ጫማ ይዞ ይሮጣል። እና በሩ ላይ ስደርስ ጭር! ዱላ አነሳች ብዬ ገባ ብል፣ ኧረ በስመ አብ! ስድሳ ሕፃን ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ተቀምጧል! እሷም መሃል ቆማ እጇን ጭናለች!

እጅ አናት ላይ መቼ እንደሚጫን ታውቃላችሁ አይደል? ለቅሶ ላይ ነው። በእኛ አገር ልጅ እንዲያው በዋዛ እጁን ራሱ ላይ ቢያደርግ እናቱ "አውርድ! ማንን ልትቀብር ነው?" ብላ ነው የምትመታው።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"ኧረ ማንም አልሞተም አባባ፣ እንደምን አደሩ" አለች፣ ፈገግ ብላ።

"ታዲያ ይኼ ምንድነው?"

"ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሻገር ነው የሚበታተኑብኝ፣ አባባ። 'ግልገሎቼ የት ናችሁ?' እላቸዋለሁ፣ 'እዚህ ነን!' ይሉኛል፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። እጃቸው ሲያርፍ አፋቸውም ያርፋል። ከዚያ ተሰልፈን እንወጣለን።"

"ስሚ" አልኳት፣ "ይኼ መንዝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሟርት የለም!"

"ሌላ ምልክት እስካስለምዳቸው ጥቂት ቀን ይታገሡኝ።"

"አንድ ቀን አልታገሥም!"

አንገቷን ደፋች፣ "እሺ አባባ" አለች። እኔም አገር ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አይ ሞኝነት!

በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደ። የእኛን ጉም ታውቁታላችሁ፣ የያዝከውን በትር ጫፍ አያሳይህም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደግሞ ያ ገደል አለ፣ ዝንጀሮ እንኳ አስቦ የሚወርደው። እና የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ያ ምልክት የለም፣ ሰልፍ የለም፤ ዓለም ቁሙ ስትል ማን ሰምቷት፣ በሩን ገፍተው እንደተፈታ ጥጃ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ስትለቅማቸው፣ ስትለቅማቸው፣ ስትቆጥር አንድ ጎደለ።

እኔ ቤት ሰው እየሮጠ መጣ። "ብርቄ ጠፋች!"

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አገሩ ተሰብስቧል፣ ሴቱ እሪ ይላል፣ ወንዱ ይጮኻል፣ ከሁሉ በላይ እኔ! "ብርቄ! አንቺ ብርቄ! የት ነው የገባሽው! አንቺን እኮ ነው!" ማን ማንን ይሰማል? ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ታዲያ ዘወር ስል ዓለም ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆማለች፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭናለች። አበቃ! አየቻት፣ ገደል ገብታለች ማለት ነው አልኩ። እጄ ሳላውቀው ራሴ ላይ ወጣ። ሰዉ እኔን ሲያይ መርዶ መስሎት እጁን ጫነ፣ ካህኑ ሳይቀሩ! ሕፃናቱ ደግሞ ለምደውታልና ጫኑ። ሴቶቹ ሊያለቅሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ እና አገሩ በሙሉ ጸጥ አለ።

"ግልገሎቼ... የት ናችሁ?" አለች፣ በዚያች በቀጭን ድምጿ።

"እዚህ ነን!" አሉ ሕፃናቱ።

እና እነሱ ዝም ካሉ በኋላ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ዘግየት ብሎ፣ አንድ ድምፅ ብቻ፦ "እዚህ ነን!"

ልጆቼ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው ያገኘናት! ከዚያ ወዲያ ሦስት እርምጃ የለም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን፣ ያን ሟርት ነው ያልኩትን፣ አናቷ ላይ ጭና! አቅፌ አለቀስኩ። ዓለም እግር ላይ ልወድቅ ስል "ኧረ አባባ፣ በማርያም!" ብላ ያዘችኝ። "ልጄ፣ የከለከልኩሽን መልሺ፣ ከፈለግሽ እኛንም አስለምጅን" አልኳት።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለ። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ የእኔ ጉሮሮ ሳይደርሳት፣ የዚያች ልጅ ቀጭን ድምፅ እንዴት ደረሳት? ጉሙ ነው የእኛን የበላው እላለሁ።

"ጉሙ አይደለም፣ አባባ።"

እህ? ምን አልሽ፣ ብርቄ?

"ሰምቼዎታለሁ። ገና መጀመሪያ ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። የቁጣ ድምፅ ነበር፣ የሚገርፉኝ መሰለኝ። ዝም ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።"

ወደ ኋላ? ወደ ኋላ ወዴት? ከኋላሽ ያለው እኮ...

"አዎ፣ አባባ። ወደ ገደሉ።"

እግዚኦ! ይኼን ሁሉ ዓመት ሳላውቅ! እኔው ነኝ እንዴ ስገፋሽ የነበርኩት? ኧረ ተዉ፣ አትሳቁ። እጄንም ተዉት፣ አታውርዱብኝ፤ ዛሬስ ራሴ ላይ ይቆይ።