የጠቆረችው ዶላር

(ደብረ ዘይት፤ በአባታቸው አርባ ማግስት፣ ታላቅ እህት ውድነሽና ሳንቲም ሰብሳቢው ወንድሟ አስናቀ፣ ጠጉር ቆራጩ አባታቸው የተዉላቸውን የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላሮች ሳሎን ተቀምጠው ይካፈላሉ።)

አስናቀ፦ እቴቴ፣ አካፋዩ እኔ፣ መራጯ አንቺ፤ ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ? ይኸው፣ በዚህ በኩል አሥራ አራት የሚያብረቀርቁ፣ በዚያ በኩል አንዲት የጠቆረች። ምረጪ።

ውድነሽ፦ አሥራ አራት ለአንድ? ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ለጋስ የሆንከው?

አስናቀ፦ አባባን ያስታመምሽ አንቺ ነሽ። ይገባሻል ብዬ ነዋ!

ውድነሽ፦ የሚገባኝ ከሆነማ አሥራ አምስቱንም ልውሰዳቸው።

አስናቀ፦ ኧረ ለማስታወሻ እንኳ አንድ ልያዝ! ጠጉር ቆርጠው ያገኟት ናት።

ውድነሽ፦ ሁሉንም ጠጉር ቆርጠው ነው ያገኟቸው። አየር ኃይል ሊያሠለጥኑ የመጡት አሜሪካኖች በጉርሻ የሰጧቸው ናቸው። ለማስታወሻ ከሆነ ከሚያብረቀርቁት አንዱን ውሰድ።

አስናቀ፦ እኔ ሰው የናቀው ነገር ያሳዝነኛል።

ውድነሽ፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ስትሰበስብ ያላሳዘነህ ዛሬ አሳዘነህ?

አስናቀ፦ አትጠራጠሪኝ እንጂ! ያንቺዎቹ በፈረንጆች 1922 ፊላደልፊያ የተመቱ ናቸው። ዋናው የገንዘብ መምቻ ቤታቸው እኮ ነው!

ውድነሽ፦ ይቺስ የት ተመታች?

አስናቀ፦ እሷማ... የሆነ ገጠር።

ውድነሽ፦ ታዲያ ለወንድሜ እንዲህ ከል የለበሰች ሳንቲም እሰጣለሁ? አመድና ሎሚ ከጓዳ አላጣም፤ ሁለቴ አሸት አሸት ባደርጋት...

አስናቀ፦ ኧረ በእመብርሃን! አስቀምጫት! በጠርዟ ያዣት፣ በጠርዟ! ፊቷን አትንኪ!

ውድነሽ፦ ምነው፣ ላይዋ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ አመማት?

አስናቀ፦ ጥቁረቷ እኮ ነው ክብሯ! ከታሸች አለቀላት፤ ማንም ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያያትም። ከጀርባዋ ካለው ንስር ሥር ያሉትን ሁለት ፊደላት አየሻቸው? ካርሰን ሲቲ! ብር ከሚቆፈርበት ተራራ አጠገብ የነበረ መምቻ ቤት ነው። በ1889 የመታው ጥቂት ነው። በኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥታቸው ስንት መቶ ሚሊዮን የብር ዶላር አቀለጠ! ይቺ ከዚያ ሁሉ እሳት ተርፋ፣ በስንት ሰው ኪስ ዞራ ደብረ ዘይት ደርሳ፣ በአመድ ትታሽ? እቴቴ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ!

ውድነሽ፦ አሥራ አራቱስ ቢታሹ?

አስናቀ፦ እነሱማ ሃምሳ ሚሊዮን ተመትተዋል፣ የትም ሞልተው...

ውድነሽ፦ ቀጥል እንጂ! ምን አቆመህ?

አስናቀ፦ ጨርሻለሁ።

ውድነሽ፦ አባባ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲማቅቁ፣ በደወልኩ ቁጥር «ሥራ ይዞኛል» ስትለኝ ከረምክ። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ደንግጠህላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይቺን በገዛ እጄ ኪስህ ውስጥ እከትልህ ነበር። በል፣ አሥራ አራቱን ልቀምና ተነሥ።