በጥቁር ስክሪን የተነሳው ድረ ገጽ

ለተከበራችሁ ለእናንተ እንዲህ ያለ ነገር ማውራቴን ይቅር በሉኝ። መርካቶ ውስጥ የነጋዴዎችን ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። የምንጣፍ ነጋዴው የጋሼ ሽኩር ድረ ገጽ አልከፈት ብሎ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ የሐዋሳ ደንበኞቻቸው ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ምንጣፍ ሊመርጡበት ነው። መቆጣጠሪያ ገጹ አልከፈት ስላለኝ ጥቁር ስክሪን ላይ በእጄ ትዕዛዝ እየጻፍኩ አጠፋለሁ፣ አስነሳለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

«ሥዕል እንኳ የለውም፤ በጨለማ ነው እንዴ የምትሠራው?» አሉ ጋሼ ሽኩር ከኋላዬ ቆመው።

«ጋሼ፣ ባለሙያ ሥዕል አይፈልግም!»

ስልኬ ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ። የሚደውሉት ፊት ለፊት ያሉት ተፎካካሪያቸው ጋሼ ደምሴ ናቸው። «ሥራ ላይ ነኝ!» ብዬ ዘጋሁባቸውና እንደገና አጠፋሁ።

ጋሼ ሽኩር መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «አንተ፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለው የደምሴ ሱቅ ስም አይደል?»

ነው። የሁለቱንም ድረ ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነኝና፣ ሁለት ጥቁር ስክሪን ከፍቼ ሰዓት ሙሉ የማጠፋው የማስነሳው ደህና የነበረውን የጋሼ ደምሴን ነው።

«በል የእኔን አስነሳ» አሉ ጋሼ ሽኩር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የእሱ እንደጠፋ ይቆይ።»

የእሳቸው በአንድ ትዕዛዝ ተነሳ። የጎረቤትየውንም አስነስቼ ስወጣ፣ ጋሼ ደምሴ በር ላይ እጄን ጨበጡ። «ሥራ ላይ ነኝ ስትለኝ ለእኔ እየለፋህ መሆኑ ገብቶኛል። ተባረክ!»

አሜን ብያለሁ። እባካችሁ ይህ ወሬ ከዚህ እንዳይወጣ።