አልጋው ላይ ሰው ነበረ

የምስክሩ ስም፦ ሙባሪክ ዑመይር
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ጫኝና አውራጅ
አድራሻ፦ ቡታጅራ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ዓብይ ደበሌ

እኔ ምስክሩ በዛሬው ዕለት ጠዋት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር መናኸሪያው በር ላይ ሥራ በመጠበቅ ላይ እያለሁ፣ ተጠርጣሪው አቶ አምሀ መጥተው ቤት መግዛታቸውን፣ ተከራዮቹ መልቀቃቸውንና የቀረ ዕቃ ብቻ መኖሩን ነገሩን። በዋጋ አድርቀውን ነበር። እኒህ ሰው የተጠራላቸውን ዋጋ በግማሽ ካላወረዱ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስለኝም። ሥራ ስለጠፋ ተስማምተን ቀብድ ተቀበልን።

ስንደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ስላልነበረ ሶፋውንና ቡፌውን ወደ ደጅ አወጣን። ዝናብ ጀመረ። አቶ አምሀ አልጋውን እንዳወጣ አዘውኝ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ስገልጥ፣ ተከራይዋ ወ/ሮ ሳምሪ ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ታቅፋ ተኝታ አገኘኋት። ባለቤቷ ለብየዳ ሥራ ቡኢ ሄዷል። የእኛን ድምፅ እናቷ ቤት የሚያጸዱ መስሏት ዝም ማለቷን በኋላ ነግራናለች።

ወዲያው እናቷ ወ/ሮ አሰፋሽ ገንፎ ይዘው በጓሮ በር ገቡና “አንተ! አራስ ቤት ዘው የምትለው ማን ነህ?” ብለው ጮኹብኝ። አልጋ ላወጣ ነው የመጣሁት በማለት ፈንታ “እናቴ፣ እንኳን አላህ በሰላም አገላገላት” አልኩ። “እንግዲያ ሳትቀምስ አትወጣም” ብለው ማንኪያ ሰጡኝ። እየሰደቡኝ አበሉኝ። ባልደረቦቼም ደርሷቸዋል፤ ስድቡም፣ ገንፎውም።

በዚህ መካከል አቶ አምሀ ወልቂጤ ለሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ለአቶ ሀብቴ ደውለው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቤቱን እንዳልገዙ ያወቅኩት ያኔ ነው። “ተከራይ ያለበት ቤት ግማሽ ቤት ነው ብዬሃለሁ። ማስወጣቱን ለእኔ ተወው፤ አንተ ባልኩህ ዋጋ ፈርም” አሉ።

ወ/ሮ አሰፋሽ ከውስጥ “ሀብቴ! አራስ ልጄን በዚህ ዝናብ ልታስወጣት ነው?” ብለው ተጣሩ።

 ከስልኩ “ሳምሪ ወለደች? ምን ወለደች?” የሚል ድምፅ መጣ።

“ወንድ!” አሉ ወ/ሮ አሰፋሽ።

“አምሀ፣ ስማኝ። አራስ አስወጥቼ የምሸጠው ቤት የለኝም። በእጥፍ ብትገዛኝም አልሸጥም” ብለው አቶ ሀብቴ ስልኩን ዘጉ። በሃያ ዓመት የሸክም ሥራዬ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

አቶ አምሀ ግን “ቀብድ በልታችኋል፣ አውጡ!” እያሉ ሲደነፉ ቀብዳቸውን መለስኩላቸው። ወ/ሮ አሰፋሽ ለፖሊስ ደወሉ። በእኛ ሥራ ማውጣትም ማስገባትም ለየብቻ ይከፈልበታል። ዛሬ ሶፋውንና ቡፌውን መልሰን ስናስገባ ግን ዋጋ ያነሳ ሰው አልነበረም። አልጋውን አልነካሁትም።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ፣ የቡፌው አንድ ጎን በዝናብ መበላሸቱና የወ/ሮ ሳምሪ ባለቤት ከቡኢ ሲመለስ በራሴ ወጪ እንደማሠራው እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተጨምሯል። የቀረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ________
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ________